የባዶ ቅጥያ ክብደት

ቅጥያዋ አንዲት ፋይል ናት። በፋይሏ ውስጥ ሦስት መስመር ብቻ ተጽፏል፦ የማኒፌስቱ ቁጥር፣ ስሟ፣ የስሪቷ ቁጥር። ከዚህ ካነሰ ብራውዘሩ አይቀበላትም፤ ከዚህ ከበዛ ለተፈለገችበት ሥራ አትሆንም። ገጽ አትነካም። ማስታወቂያ አታግድም። የይለፍ ቃል አትይዝም። ተጭና ዝም ትላለች።

ኤክስቴንሽን ወይም ቅጥያ የምንላቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች ብራውዘርን ምን ያህል እንደሚያዘገዩ ለማወቅ የሚፈልግ ጠንቃቃ ለኪ መጀመሪያ የሚጭነው ይቺን ባዶዋን ነው። ወርቅ አንጥረኛ ወርቁን ከማስቀመጡ በፊት ባዶው ሚዛን እኩል መቆሙን እንደሚያየው ማለት ነው። ብራውዘሩ ማንኛውንም ቅጥያ ሲቀበል የራሱ ድካም አለው። ፋይሉን ይከፍታል፣ የተጠየቀውን ፈቃድ ይመረምራል፣ በመዝገቡ ያሰፍራል። ይህ ወጪ የቅጥያው ሠሪ ዕዳ አይደለም። ባዶዋ ይህንን ነጥላ ታሳያለች። ቀጥሎ እውነተኛው ቅጥያ ይመዘናል፤ ከክብደቱ ላይ የባዶዋ ይቀነሳል። የቀረው የሠሪው እጅ ሥራ ነው።

“ይሄ ኤክስቴንሽን ኮምፒውተሬን ያዘገየዋል” ማለት ቀላል ነው። በስንት? በየትኛው ገጽ? ገጹ ሲከፈት ነው ወይስ ጣት ቁልፍ ሲነካ? እነዚህን መልሶ ቁጥሩን በሚሊሰከንድ ማምጣት ግን ሙያ ነው። ጥሩ ሽመናን ገልብጠው ከጀርባው እንደሚያዩት፣ እኔም ይህን ሙያ ከጀርባው ማየት ደስ ይለኛል።

ሥራው ከፕሮፋይሉ ይጀምራል። ፕሮፋይል ብራውዘሩ የባለቤቱን ታሪክ፣ ኩኪና ምርጫ የሚያኖርበት ማህደር ነው። ለመለኪያ የሚሆነው ባዶ ነው። ቅጥያው ይጫንበታል፤ ከዚያ ትንሽ ይጠበቃል። ብዙ ቅጥያ በተጫነ ቅጽበት የእንኳን ደህና መጡ ገጽ ይከፍታል፣ የሚሠራበትን ዝርዝር ከኢንተርኔት ያወርዳል፣ አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። ይህ አንዴ የሚከፈል ዋጋ ነው፤ በየዕለቱ ከሚከፈለው ጋር መደባለቅ የለበትም። ሁሉም ሲረጋጋ ብራውዘሩ ይዘጋል፣ ማህደሩ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሙከራ አዲስ ቅጂ ይወሰዳል። ዋናው አይነካም።

ገጹም ከኢንተርኔት አይመጣም። የዜና ገጽ በተከፈተ ቁጥር ሌላ ማስታወቂያ፣ ሌላ ፎቶ፣ ሌላ ስክሪፕት ይዞ ይመጣል። ኔትወርኩም አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይጎተታል። ስለዚህ ገጹ ከነምስሉና ከነስክሪፕቱ አንድ ጊዜ ይቀዳል፤ ከዚያ ወዲህ እዚያው ያለ ሰርቨር እንደተቀዳው መልሶ ያቀርበዋል። ፋየርፎክስ የተባለውን ብራውዘር የሚሠራው ሞዚላ በሚፈትንበት ራፕተር በተባለው መሣሪያ ይህን የመቅዳትና የመመለስ ሥራ የሚሠራው ሚትምፕሮክሲ የተባለ ፕሮግራም ነው። ገጹ ከባለቤቱ ሰርቨር ሳይወጣ ይወጣል፣ ከኔትወርኩ ሳይመጣ ይመጣል፤ ብራውዘሩ ልዩነቱን አያውቅም።

አሁን ቅደም ተከተሉ። ባዶዋን ሀ እንበላት፣ የሚመዘነውን ቅጥያ ለ። ሀን ሃያ ጊዜ፣ ከዚያ ለን ሃያ ጊዜ መሞከር ይቀላል፤ ነገር ግን ስህተት ነው። ፕሮሰሰር ሲሠራ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኋላ የመጣው ለ የሀን ሙቀት ይወርሳል፣ ባላጠፋውም ይከሰሳል። አንዱን ባንዱ እያፈራረቁ ሀለ፣ ሀለ ማድረግ ይሻላል። ከሁሉ የምወደው ግን ሀለለሀ ነው። የተራ ቁጥራቸውን ደምሩት። ሀ በ1ኛና በ4ኛ ተራ ቆሟል፤ ድምሩ 5። ለ በ2ኛና በ3ኛ፤ እሱም 5። ኮምፒውተሩ ከሙከራ ሙከራ እኩል በእኩል እየዘገመ ቢሄድ፣ ዝግመቱ በሁለቱ ላይ እኩል ይወድቃል፤ ሲቀናነስ ይጠፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ተራ መቀያየር ብቻ ነው።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ሌላ ሙከራ አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። ሀ ከሀ ጋር ይወዳደራል። ሁለቱም ባዶዋ ናቸው፣ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ስለዚህ ልዩነት መኖር የለበትም። ሁልጊዜ ግን ይኖራል። ለምሳሌ ሁለቱ አንድ ዓይነቶች በ30 ሚሊሰከንድ ቢለያዩ፣ መሣሪያው ከ30 በታች ያለውን አያይም ማለት ነው። ነገ አንድ ቅጥያ 12 ሚሊሰከንድ ጨመረ ቢባል፣ ለኪው ያንን ቁጥር አይጽፈውም። ይጠብቃል፣ ሙከራውን ያበዛል፣ ከጀርባ የሚሠራውን ሁሉ ያጠፋል፣ ላፕቶፑን ከባትሪ አውጥቶ መብራት ላይ ይሰካል፤ ሀ ከሀ ጋር እስኪቀራረብ ድረስ።

ከተገኙት ቁጥሮች የሚመረጠው ደግሞ አማካዩ አይደለም፤ በቅደም ተከተል ተደርድረው መሃል ላይ የሚቆመው ነው። ምክንያቱ የጊዜ ጠባይ ነው። አንድ ገጽ ሊከፈት ከሚችልበት በላይ ፈጥኖ ሊከፈት አይችልም፤ ወለል አለው። ወደ ላይ ግን ጣሪያ የለውም። አንዲት የተደበቀች ዝማኔ አንዱን ሙከራ ወደ ሦስት ሰከንድ ብትሰቅለው፣ አማካዩ አብሮ ይሰቀላል። መካከለኛው ከቦታው ፈቀቅ አይልም።

እስካሁን ያልነው ገጽ ስለመክፈት ነው። ጣት የሚሰማው ሌላ ነው።

በአብዛኛው ስክሪን ላይ ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል። ለአንዱ እድሳት 16.7 ሚሊሰከንድ ይደርሰዋል። ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ስክሪፕት፣ የጣትን ንክኪ የሚቀበለው ክፍል፣ ቅጥያው ገጹ ውስጥ የሚያስገባው ኮድ፣ ሁሉም በአንድ ዋና የሥራ መስመር ተራ ይጠብቃሉ። አንዱ ሲረዝም ሌላው ይቆማል። በመለኪያው ዓለም ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ መስመሩን የያዘ ሥራ ረጅም ተብሎ ይመዘገባል። ሃምሳ የሆነበት ምክንያት አለው። ሰው ለነካው ነገር መልሱ ከ100 ሚሊሰከንድ በፊት ከደረሰው ወዲያው እንደሆነ ይቆጥረዋል። ንክኪው የመጣው ሌላ ሥራ ገና በተጀመረበት ቅጽበት ቢሆን ግማሹ ለመጠበቅ፣ ግማሹ ለመመለስ ይበቃል።

ቅጥያ ኮዱን መቼ እንደሚያስገባ ከሦስት አንዱን ይመርጣል፦ ገጹ ገና ሲጀምር፣ የገጹ ጽሑፍ ተነቦ ሲያልቅ፣ ወይም ብራውዘሩ ትንፋሽ ሲያገኝ። ሦስተኛው ጨዋ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ነገር ግን የገጽ መክፈቻን ጊዜ ብቻ የሚለካ ሰው ይህን ቅጥያ ነጻ ነው ይለዋል። ሥራው አልቀረም፤ አንባቢው ገጹን ወደ ታች መሳብ ወደሚጀምርበት ቅጽበት ተዛውሯል። ጥሩ ለኪ ሁለቱንም ቦታ ይቆማል።

አማርኛ በቅጥያ የሚጽፍ ሰው ይህን በጣቱ ያውቀዋል። በላቲን ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ‘ኤስ’ን ሲነካ ስ ይታያል። ‘ዩ’ን ሲያስከትል ስ ጠፍታ ሱ ትተካለች። በሁለቱ ንክኪዎች መካከል ቅጥያው ቁልፉን ጠልፎ ይይዛል፣ ከኋላ ያለውን ፊደል ያያል፣ ይሰርዛል፣ አዲሱን ይጽፋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ለአንዲት ፊደል ነው። ብራውዘሮች ለንክኪዎች በሦስት የተከፈለ መዝገብ ይሰጣሉ፦ ንክኪው ተራ የጠበቀበት፣ ኮዱ የሠራበት፣ ከዚያ ለውጡ በስክሪን ላይ እስኪሳል የወሰደው። ጠቅላላው ርዝመት ወደ ቅርቡ 8 ሚሊሰከንድ ተጠጋግቶ ይጻፋል፤ የግማሽ እድሳት ያህል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ከረዘመ ጥፋቱ መስመሩን የያዘው የሌላ ሥራ ነው። ሁለተኛው ከረዘመ ቁልፉን የያዘው ኮድ ነው። “ይጎተታል” የሚለው አንድ ቃል ለሦስት ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ባለቤት ያገኛል።

በዚህ ሙያ ከሠሩት መካከል ደጋግሜ የማየው የኒኮላስ ኔዘርኮትን ሥራ ነው። ኔዘርኮት ቫልግሪንድ የተባለውን የፕሮግራም መመርመሪያ ከሠሩት ዋነኞች አንዱ ነው፤ በሞዚላ የፋየርፎክስን የሜሞሪ ፍጆታ የመቀነሱን ዘመቻ መርቷል። ሜሞሪም የፍጥነት ጉዳይ ነው። ባነስተኛ ላፕቶፕ ሜሞሪው ሲሞላ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ወደ ዲስክ ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ታብ ሲነካ ያቃስታል።

የሱ መሣሪያ በፋየርፎክስ አድራሻ ሰሌዳ ላይ “አባውት ሜሞሪ” ተብሎ ሲጻፍ የሚከፈተው ገጽ ነው። የዛፍ ቅርጽ አለው። ግንዱ ጠቅላላው ነው፤ ቅርንጫፎቹ ለየታቡ፣ ለየስክሪፕቱ፣ የገጽን መልክ ለሚወስነው ለየስታይልሺቱ ይከፋፈላሉ፤ ባይቱ እስከ ቅጠሉ ይወርዳል። ከቅርንጫፎቹ አንዱ ግን “ያልተመደበ” የሚል ስም ተሰጥቶታል። ብራውዘሩ የወሰደው፣ መሣሪያው ግን ለማን እንደዋለ ያልደረሰበት ሜሞሪ እዚያ ከነመቶኛው ይጻፋል። ይህን መስመር ደብቆ ድምሩን ማሳመር ይቻል ነበር። አልተደበቀም። እንዲያውም ያንን ያልተመደበ ክፍል እየፈለፈለ ባለቤቱን የሚፈልግ ሌላ መሣሪያ ተሠራለት።

በግንቦት 2014 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ኔዘርኮት አድብሎክ ፕላስ የተባለውን የማስታወቂያ ማገጃ መዘነ። ሁለት ወጪ አገኘ። አንደኛው ቋሚ ነው፤ ቅጥያው በመኖሩ ብቻ ከ60 እስከ 70 ሜጋባይት ይሄድ ነበር። ሁለተኛው ተባዢ ነው፤ በገጽ ውስጥ የተሰካ እያንዳንዱ ትንሽ ገጽ፣ አይፍሬም የሚባለው፣ ወደ 4 ሜጋባይት ይጨምር ነበር። መንስኤው ቅጥያው ማስታወቂያን ለመደበቅ በየፍሬሙ የሚያስገባው ግዙፍ ስታይልሺት ነበር። ቴክክረንች የተባለውን የዜና ገጽ ከፍቶ በየዜናው ሥር ያሉትን የማጋሪያ አዝራሮች በማውዙ ነካካቸው፤ ያለ ቅጥያው 194፣ ከቅጥያው ጋር 417 ሜጋባይት። ከ400 በላይ ፍሬም ያለበትን ሌላ ገጽ ከፈተ፤ ያለ ቅጥያው 370፣ ከቅጥያው ጋር 1,960።

እዚህ ላይ እርሳስ ማንሳት ያስደስታል። ከ1,960 ላይ 370 ሲቀነስ 1,590 ይቀራል። ቋሚውን ወጪ በመካከሉ 65 ብለን እናውጣ፤ 1,525። ለ400 ሲካፈል 3.8 ይመጣል። ፍሬሞቹ ከ400 በላይ ስለሆኑ እውነተኛው ትንሽ ይወርዳል፤ ያም ሆኖ “ወደ 4” ከተባለው ጋር ይገጥማል። ወደ ዜናው ገጽ እንመለስ። 417 ሲቀነስ 194፣ 223 ነው። 65 ሲወጣ 158። ለ4 ሲካፈል 40 ያህል ፍሬም። ይህን ቁጥር እሱ አልጻፈውም፤ እኔ ከቁጥሮቹ ያወጣሁት ነው። ነገር ግን በየዜናው ሥር የማጋሪያ አዝራሮች ላሉት ገጽ የሚመስል ነው። ሁለት የማይገናኙ ገጾች፣ ሁለት የማይመሳሰሉ ድምሮች፣ በሁለት ቁጥሮች ተፈቱ። የእንጨት ሥራ ቢሆን መገጣጠሚያው ውስጥ ወረቀት አይገባም እንል ነበር።

መለኪያው ጥፋቱ የት እንዳለ በትክክል ስለጠቆመ መድኃኒቱም እዚያው ተገኘ። ቅጥያው አንድ ስታይልሺት ይሰጥ ነበር፤ ብራውዘሩ ግን ለየፍሬሙ እንደገና ያዘጋጀው ነበር። ያው ነገር ከ400 ጊዜ በላይ። በፋየርፎክስ የጉድለት መዝገብ ውስጥ አንዴ የተዘጋጀውን ስታይልሺት በጋራ የመጠቀም ጥያቄ ከ2001 ጀምሮ ተከፍቶ ነበር። ካሜሮን ማኮርማክ በ2015 ሠርቶ ዘጋው፤ ለውጡም በዚያው ዓመት በወጣው ፋየርፎክስ 41 ውስጥ ገባ። 14 ዓመት የቆየ ጉዳይ ነበር።

ከዚያ በፊት በ2012 የተሠራ ሌላም አለ፤ ባጭሩ ልጥቀሰው። አንዳንድ ቅጥያ ታብ ከተዘጋ በኋላም የገጹን ጫፍ ይዞ አይለቅም ነበር። ገጹ ከዓይን ጠፍቷል፣ ከሜሞሪ ግን አልወጣም። ለዚህ የሚደረገው ሙከራ ቀላልና ቆንጆ ነው። ገጽ ይከፈታል። ይዘጋል። በዚያው በሜሞሪ ገጽ ላይ ያለው የማጽጃ አዝራር ይጫናል። ከዚያ በዛፉ ላይ የተዘጋው ገጽ ስም ይፈለጋል። መኖር የለበትም። ካይል ሂዩይ የጻፈው ማስተካከያ ገጹ ሲዘጋ ቅጥያው የያዘውን ጫፍ ራሱ ብራውዘሩ እንዲቆርጠው አደረገ፤ በፋየርፎክስ 15 ወጣ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቅጥያ ሠሪዎች ኮዳቸውን እስኪያርሙ መጠበቅ ቀረ።

ፍጥነትን እጅግ ወደ ቀጭኑ ወርዶ የለካው ሥራ ግን በየካቲት 2019 የወጣው የማገጃ ሠሪው የጎስተሪ ነው። በጊዜው ቅጥያዎች የኔትወርክ ጥያቄዎችን ራሳቸው እየመረመሩ ማገዳቸው ብራውዘሩን ያዘገየዋል ወይ የሚል ክርክር ነበር። ክርክሩ በቁጥር ተመለሰ። አምስት ማገጃዎች፣ ከ500 ታላላቅ ድረ ገጾች የተሰበሰቡ ከ240 ሺህ በላይ ጥያቄዎች።

በብራውዘር ውስጥ እንዲህ ያለውን ለመለካት ችግሩ ሰዓቱ ነው። ከጥር 2018 ወዲህ፣ ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር ቀዳዳ ሲታወቅ፣ ብራውዘሮች ለገጽ የሚያሳዩትን ሰዓት ሆን ብለው አደብዝዘውታል፤ ክሮም ወደ 0.1 ሚሊሰከንድ አጠጋግቶታል። በዚህ ሰዓት 0.01ን መለካት በክንድ ፀጉር መለካት ነው። እነሱ ማገጃዎቹን ከብራውዘሩ አውጥተው ኖድ በተባለው፣ ስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ በሚያስኬደው ፕሮግራም አስኬዷቸው፤ እዚያ ሰዓቱ በናኖሰከንድ ይቆጥራል። አንድ ጥያቄ ይለፍ ወይስ ይታገድ ለማለት መካከለኛው ጊዜ፣ ከአምስቱ አራቱን ብንጠቅስ፣ ለጎስተሪ 0.007፣ ለዩብሎክ ኦሪጅን 0.017፣ ለአድብሎክ ፕላስ 0.019፣ ለብሬቭ ብራውዘር ማገጃ 0.041 ሚሊሰከንድ ሆነ። የአንድ እድሳት 16.7 ሚሊሰከንድ ከዩብሎክ ኦሪጅን ጋር ሲነጻጸር አንድ ሺህ ጊዜ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል። መዛኙ ከተመዛኞቹ አንዱ መሆኑ እውነት ነው። ጥያቄዎቹንና ኮዱን ግን ከውጤቱ ጋር አውጥተዋል፤ የተጠራጠረ በራሱ ሚዛን ሊመዝን ይችላል።

በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የማገጃ ደንብ በዚህ አጭር ጊዜ እንዴት ይታያል? አይታይም። ቅጥያው ሲነሳ እያንዳንዱን ደንብ ይወስድና ከውስጡ አንድ ቃል ይመርጣል። ሁሉም አድራሻ ላይ የሚገኘውን “ኮም”ን አይመርጥም፤ ብርቁን ይመርጣል፣ “ባነር”ን ለምሳሌ። ደንቡ በዚያ ቃል ስም በተሰየመ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። አድራሻ ሲመጣ በነጥቡና በእዝባሩ ላይ ተቆራርጦ ቃላቱ ይወጣሉ፤ የሚከፈቱት የነዚያ ቃላት ሳጥኖች ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ ሳጥኖች የሉም፤ ያሉትም ጥቂት ደንብ ይዘዋል። ብልሃቱ ከእጅ ወደ እጅ ተሻግሯል። ብሬቭ በዚያው ዓመት በሰኔ ማገጃውን ከዩብሎክ ኦሪጅንና ከጎስተሪ አሠራር ተምሮ በረስት ቋንቋ እንደገና ጻፈው፤ በአማካይ 69 እጥፍ መፍጠኑን አሳወቀ።

ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን የሚያጋድልበት ጊዜም አለ። ሞኒካ ቹ እና ጆርጂዮስ ኮንታክሲስ በ2015፣ ፋየርፎክስ ውስጥ የተሠራውን፣ የአንባቢን ዱካ የሚከታተሉ ስክሪፕቶችን የማገጃ ክፍል በ200 ታዋቂ የዜና ገጾች ላይ ለኩ። መካከለኛው የመክፈቻ ጊዜ በ44 በመቶ፣ የሚወርደው ዳታ በ39 በመቶ ቀነሰ። ያ ክፍል በብራውዘሩ ውስጥ የተሠራ እንጂ ቅጥያ አይደለም፤ ሥራው ግን የማገጃ ቅጥያ ሥራ ነው። ተጨምሮ የሚያቀል ነገር ሲመዘን በሪፖርቱ ላይ የመቀነስ ምልክት ያስፈልጋል፤ “ዝግመት” ብቻ የሚል ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አይበቃውም።

ቀኑ ሲያልቅ ባዶዋ ትመለሳለች። ያው የፕሮፋይል ቅጂ፣ ያው የተቀዳ ገጽ፣ ያው ሶኬት። ቁጥሯ ጠዋት ከነበረው ጋር ከገጠመ መዝገቡ ይቀመጣል። ካልገጠመ ለኪው የማራገቢያውን ድምፅ ያዳምጣል፣ ከጀርባ የጀመረ ዝማኔ ይፈልጋል፣ ኮምፒውተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል፤ ከዚያም ከሀ ይጀምራል።